ኤክስ ወደ ኢንፊኒቲ ሲሄድ ሊሚቱን እንዴት እንስራ፦ ከነወጥመዱ ደረጃ በደረጃ

12ኛ ክፍሎችንና ፍሬሽማኖችን ማትስ አስጠናለሁ፣ በየአመቱ የሚገጥመኝ ነገር ግን አንድ ነው። ኤክስ ወደ 2 ሲሄድ ያለውን ሊሚት (ፈንክሽኑ እየተጠጋው የሚሄደውን ቁጥር) ፋክተር አድርጎ፣ አሳጥሮ፣ ጥርት አድርጎ የሰራ ልጅ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ላይ «ኤክስ → ∞» የሚል ያያል፣ ∞ን እንደ ቁጥር ይዞ ይተካዋል፣ ከላይ ∞ ከታች ∞ ያገኛል፣ ይሰርዘዋል፣ 1 ብሎ ጽፎ ያልፋል። መልሱ ደግሞ 3 ነው። ወይ 0። ወይ −2። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልጻፈው አልኩ፣ በተለይ ልጆቹ የሚሳሳቱበትን ቦታ።

ስልክ ላይ ስለምጽፍ ፊደል መቀያየሩ ሰልችቶኝ ኤክስን በአማርኛ ነው የማስቀምጠው፣ እናንተ ደብተራችሁ ላይ እንደለመዳችሁት ጻፉት። / ማለት ሲካፈል ነው፣ ^ ማለት ፓወር፣ ኢ ደግሞ ያቺ 2.718 የምትባለዋ ቁጥር ናት።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን ሶስት ነገሮች እጃችሁ ላይ ካልያዛችሁ ወደ ደረጃ 1 አትሂዱ፣ ኋላ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።

አንደኛ፣ 1/ኤክስ ምን እንደሚሆን። ኤክስ 10 ሲሆን 0.1፣ 1000 ሲሆን 0.001፣ ሚሊዮን ሲሆን 0.000001። ኤክስ −1000 ቢሆንም −0.001 ነው፣ ያው ወደ 0 እየተጠጋ ነው። ቁጥር ሲካፈል በጣም ለሚያድግ ነገር ወደ 0 ይሄዳል። የዚህ ርዕስ ግማሹ ስራ ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ የኔጌቲቭ ፓወር ምልክት። (−10)² ፕላስ 100 ነው፣ (−10)³ ማይነስ 1000 ነው። ኢቭን ፓወር ማይነሱን ይበላዋል፣ ኦድ ፓወር ይተወዋል።

ሶስተኛ፣ √(ኤክስ²) ኤክስ አይደለም። |ኤክስ| ነው፣ ማይነስ ካለበት ማይነሱ የተነሳለት ኤክስ ማለት ነው። ይሄን ወረቀት ላይ ጻፉና ፊት ለፊታችሁ ለጥፉት፣ ደረጃ 5 ላይ ስንደርስ ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

ዕቃ የሚባል ብዙ የለም፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ እና ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር። ካልኩሌተሩ መልስ ለማረጋገጥ ብቻ ነው፣ ኢንትራንስ ላይ ይዛችሁት ስለማትገቡ እጃችሁን አታስለምዱት።

ደረጃ 1፦ ኤክስ ወዴት እንደሚሄድ አንብቡ

ከሊሚቱ ስር ያለውን ቀስት እዩና አክብቡበት። ወደ +∞ ነው? ወደ −∞ ነው? ወይስ ወደ ተራ ቁጥር? ተራ ቁጥር ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ነገር በሙሉ ተዉት፣ አይሰራም። (ኤክስ² − 4)/(ኤክስ − 2) ኤክስ ወደ 2 ሲሄድ መልሱ 4 ነው፣ ወደ +∞ ሲሄድ ግን +∞ ነው፣ ፈንክሽኑ ያው ሆኖ ጥያቄው ሌላ ስለሆነ።

ምልክት ሳይኖረው ∞ ብቻ ካለ ፕላስ ነው። «ኢንድ ቢሄቪየሩን ግለጽ» ከተባላችሁ ደግሞ ሁለቱንም ጫፍ ነው የሚጠይቃችሁ፣ ግራፉ በቀኝ በኩል እየራቀ ሲሄድ ምን ይሆናል፣ በግራ በኩልስ። አንዱን ብቻ ሰርቶ የሚወጣ ልጅ ብዙ ነው፣ ግማሽ ማርክ ይዞ።

እዚሁ ላይ ዶሜይኑንም (ኤክስ ሊሆን የሚችላቸውን ቁጥሮች) እዩ። √(5 − ኤክስ) ኤክስ ወደ +∞ ሲሄድ ምን ይሆናል ብትባሉ፣ ኤክስ ከ5 ካለፈ በኋላ ፈንክሽኑ ራሱ የለም። ሎግ ኤክስም ወደ −∞ እንደዛው። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ስሌት አትጀምሩ፣ ሊሚቱ የለም ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ቅርጹን ለዩ

∞ ቁጥር አይደለም፣ ኤክስ ያለማቋረጥ እያደገ ነው ለማለት ነው የምንጽፈው። ስለዚህ «ብንተካው ምን ይመስላል» ብላችሁ በጭንቅላታችሁ እዩት እንጂ ደብተር ላይ እንደ ስሌት አትጻፉት። ስታዩት ሁለት አይነት ነገር ይገጥማችኋል።

አንዱ ወዲያው የሚያልቅ ነው፦ ∞ + ∞ ያው ∞ ነው፣ ∞ × ∞ም ∞ ነው፣ ቁጥር/∞ 0 ነው፣ −3 × ∞ ደግሞ −∞ ነው። እዚህ ላይ ምንም መጨቃጨቅ የለም፣ ጻፉና እለፉ።

ሌላው ∞/∞፣ ∞ − ∞፣ 0 × ∞፣ 1^∞ እና ∞^0 ነው። እነዚህ መልስ አይደሉም፣ ገና ስራ አለ ማለት ናቸው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ኤክስ²/ኤክስ፣ ኤክስ/ኤክስ² እና 7ኤክስ/ኤክስን እዩአቸው፣ ሶስቱም ከላይ ∞ ከታች ∞ ናቸው፣ ግን የመጀመሪያው ወደ ∞ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ወደ 0፣ ሶስተኛው 7 ላይ ነው። ∞/∞ ሁሌ 1 ቢሆን ኖሮ ሶስቱም 1 ይሆኑ ነበር አይደል?

ደረጃ 3፦ ፖሊኖሚያል (የኤክስ ፓወሮች በቁጥር ተባዝተው የተደመሩበት) ከሆነ

1. ትልቁን ፓወር ፈልጉ። መጀመሪያ የተጻፈውን አይደለም፣ ትልቁን! 5 + ኤክስ⁴ − 3ኤክስ⁶ ከሆነ የምትፈልጉት −3ኤክስ⁶ ነው። እኔ ራሴ ፍሬሽማን እያለሁ ሚድ ላይ እንዲህ የተዘበራረቀ ሰጥተውን መጀመሪያ ያየሁትን ይዤ ሮጬ ዜሮ አግኝቼበታለሁ፣ እስከዛሬ አይረሳኝም።

2. ሌላውን ሁሉ ተዉት።

3. የቀረውን ምልክት አውጡ። ወደ +∞ ከሆነ ምልክቱ ከኤክሱ ፊት ያለው ቁጥር ምልክት ነው። ወደ −∞ ከሆነ ፓወሩን እዩ፣ ኢቭን ከሆነ አይቀየርም፣ ኦድ ከሆነ ይገለበጣል።

እንስራው። −2ኤክስ³ + 100ኤክስ² + 7። ትልቁ −2ኤክስ³ ነው። ወደ +∞ ሲሄድ −∞። ወደ −∞ ሲሄድ ፓወሩ ኦድ ስለሆነ ይገለበጥና +∞። አለቀ።

እዚህ ጋ አንድ ልጅ ይነሳና «ቲቸር 10 አስገብቼ ፕላስ ነው የመጣልኝ» ይለኛል። እውነቱን ነው! ኤክስ 10 ሲሆን −2000 + 10000 + 7 = 8007 ነው። 100 አስገቡ ግን፦ −2,000,000 + 1,000,000 + 7 = −999,993። 100 የሚያክል ኮኤፊሸንት (ከፊቱ ያለ ቁጥር) ስላለው ኤክስ²ቱ ለጊዜው ይመራል፣ ኤክስ 50 አካባቢ ሲደርስ ይያዛል፣ ከዛ በኋላ አይገናኙም። ኢንድ ቢሄቪየር የሚለው ጫፉን ነው፣ መሃል ላይ ግራፉ ስንት ጊዜ ቢወጣ ቢወርድ አያገባንም።

በፋክተር ተሰጥቶ ከመጣ አትበትኑት፣ ጊዜ ማባከን ነው። (2 − ኤክስ)(ኤክስ + 1)²(3ኤክስ) ከሆነ ከየቅንፉ ትልቁን ብቻ ውሰዱ፦ −ኤክስ፣ ኤክስ²፣ 3ኤክስ። ስታባዙት −3ኤክስ⁴። በሁለቱም ጫፍ −∞። ስህተት የሚበዛው ሁለት ቦታ ላይ ነው፣ (2 − ኤክስ) ውስጥ ያለችውን ማይነስ መርሳት፣ እና (1 − 2ኤክስ)³ ሲመጣ −8ኤክስ³ ማለት ሲገባ −2ኤክስ³ ማለት። ፓወሩ ኮኤፊሸንቱንም ይነካዋል።

ደረጃ 4፦ ራሽናል ፈንክሽን (ፖሊኖሚያል ሲካፈል ለፖሊኖሚያል) ከሆነ

በፈተና በብዛት የሚመጣው ይሄ ነው። ትዕዛዙ አጭር ነው፣ ዲኖሚኔተሩ (ከታች ያለው) ውስጥ ባለው ትልቁ ፓወር ከላይም ከታችም ያለውን እያንዳንዱን ተርም አካፍሉ።

(6ኤክስ² − 5ኤክስ + 1)/(2ኤክስ² + 9)፣ ኤክስ → ∞

1. ከታች ትልቁ ኤክስ² ነው።
2. ሁሉንም ለኤክስ² አካፍሉ፦ (6 − 5/ኤክስ + 1/ኤክስ²)/(2 + 9/ኤክስ²)
3. ከታቻቸው ኤክስ ያለባቸውን ትንንሾቹን ወደ 0 ላኩ፦ 6/2
4. መልስ 3። ሆሪዞንታል አሲምፕቶቱ (ግራፉ ጫፉ ላይ እየተጠጋው የሚሄደው አግድም መስመር) ዋይ = 3።

ለምን ትንንሾቹን መጣል ተፈቀደ? ኤክስ 1000 ሲሆን ላይኛውን እዩት፣ 6ኤክስ² ስድስት ሚሊዮን ነው፣ 5ኤክስ አምስት ሺህ። አምስት ሺህ ከስድስት ሚሊዮን ላይ ማንሳት ከአንድ ኩንታል ጤፍ ላይ 83 ግራም ገደማ እንደማንሳት ነው፣ የወፍጮ ቤት ሚዛን እንኳን አያውቃትም። ኤክስ ሚሊዮን ሲሆን ደግሞ ከዛው ኩንታል ላይ አንድ አስረኛ ግራም እንኳን አትሞላም።

ይሄ ከገባችሁ ሁሌ ማካፈል አያስፈልግም፣ ዲግሪ (ትልቁን ፓወር) ማወዳደር ይበቃል፦

የታቹ ዲግሪ ከበለጠ 0 ነው። (7ኤክስ + 4)/(ኤክስ² + 1) → 0።

እኩል ከሆኑ የሁለቱ ትልልቅ ፓወሮች ኮኤፊሸንት፣ የላዩ ለታቹ ሲካፈል ነው፣ ከላይ እንደሰራነው።

የላዩ ከበለጠ ∞ ወይም −∞ ነው፣ እና እዚህ ላይ ምልክቱን ሳታወጡ «ኢንፊኒቲ» ብላችሁ እንዳትሄዱ። (ኤክስ³ − 4)/(5 − 2ኤክስ²) እንውሰድ። ትልልቆቹን ብቻ ያዙ፣ ኤክስ³/(−2ኤክስ²) = −ኤክስ/2። ወደ +∞ ሲሄድ −∞ ይሆናል፣ ወደ −∞ ሲሄድ +∞። ታች ያለውን 5 ይዞ ኤክስ³/5 የሚል ልጅ አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ስለተጻፈ ብቻ።

የላዩ በ1 ዲግሪ ብቻ ከበለጠ ግራፉ ዝም ብሎ አይወጣም፣ ዘመም ያለ ቀጥታ መስመር እየተጠጋ ነው የሚሄደው፣ ኦብሊክ አሲምፕቶት የሚሉት። ሎንግ ዲቪዥን ስሩ። (ኤክስ² + 3ኤክስ + 5)/(ኤክስ + 1) ሲካፈል ኤክስ + 2 ይሰጥና 3 ይተርፋል። የተረፈው 3/(ኤክስ + 1) ወደ 0 ስለሚሄድ አሲምፕቶቱ ዋይ = ኤክስ + 2 ነው። ትርፉን አሲምፕቶቱ ውስጥ አትጨምሩት።

ይሄ ነገር ምን ይጠቅማል ለምትሉ፦ እንጀራ ጋግራችሁ ለመሸጥ ምጣድና ዕቃ በ60,000 ብር ገዛችሁ እንበል፣ ከዛ አንዱን እንጀራ ለመጋገር 12 ብር ይፈጃል። የአንዱ እንጀራ አማካይ ወጪ (60000 + 12ኤክስ)/ኤክስ ነው። 100 እንጀራ ላይ 612 ብር፣ 1,000 ላይ 72፣ 10,000 ላይ 18፣ 100,000 ላይ 12.60። ሊሚቱ 12። የምጣዱ ብር በብዛቱ ውስጥ ይሟሟል፣ ግን ምንም ያህል ብትጋግሩ ከ12 በታች አትወርዱም።

እዚህ ምሳሌ ላይ ግራፉ 12ን አይነካም። ከዚህ ተነስቶ «ግራፍ ሆሪዞንታል አሲምፕቶቱን ፈጽሞ አይቆርጥም» የሚል ወሬ አለ፣ ስህተት ነው። ኤክስ/(ኤክስ² + 1) አሲምፕቶቱ ዋይ = 0 ነው፣ ኤክስ 0 ላይ ደግሞ ግራፉ እሱኑ ይቆርጠዋል። ትሩ/ፎልስ ላይ ይቺን ይወዷታል።

ደረጃ 5፦ ስኩዌር ሩት ካለበት

እዚህ ረጋ በሉ። አብዛኛው ማርክ የሚበላው እዚህ ነው።

√(4ኤክስ² + ኤክስ)/(ኤክስ − 3)፣ ኤክስ → −∞

ባለፈው ይሄንኑ ለአንድ ተማሪዬ ሰጠሁት። ከላይ √4ኤክስ² 2ኤክስ ነው፣ ከታች ኤክስ፣ መልስ 2 አለኝ በሶስት ሰከንድ። «እስቲ −1000 አስገባ» አልኩት። ስልኩን አወጣ፣ ስኩዌር ሩቱ ውስጥ 3,999,000 አገኘ፣ ሩቱ 1999.75፣ ከታች −1003። ሲካፈል −1.99። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ከመጀመሪያው መታው። ያው −1.99። «ቲቸር ማይነሷ ከየት መጣች?»

ማይነሷ የመጣችው ከታች ነው። ስኩዌር ሩት ኔጌቲቭ መልስ ስለማይሰጥ ላዩ ሁሌ ፖዘቲቭ ነው፣ ታቹ ግን ኤክስ ወደ −∞ እየሄደ ስለሆነ ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቭ ለኔጌቲቭ ሲካፈል ኔጌቲቭ መሆን አለበት፣ ስሌት እንኳን ሳትሰሩ። ልጁ የሳተው 2ኤክስ ያለበት ቦታ ላይ ነው፣ 2|ኤክስ| ነበር ማለት የነበረበት። በስነስርአት ሲሰራ እንዲህ ነው፦

1. ሩቱ ውስጥ ኤክስ²ን አውጡ፦ √(ኤክስ²(4 + 1/ኤክስ))
2. ከሩቱ ስታወጡት |ኤክስ| በሉት፦ |ኤክስ|√(4 + 1/ኤክስ)
3. አሁን ደረጃ 1 ላይ ያከበባችሁትን ቀስት እዩ። ወደ +∞ ከሆነ |ኤክስ| = ኤክስ። ወደ −∞ ከሆነ |ኤክስ| = −ኤክስ።
4. ከታችም ኤክስ አውጡ፦ ኤክስ(1 − 3/ኤክስ)
5. ኤክሶቹን ሰርዙ። ወደ −∞ ስለሆነ የቀረው −√4/1 = −2።

ወደ +∞ ቢሆን 2 ነበር። ይሄ ፈንክሽን ሁለት የተለያየ ሆሪዞንታል አሲምፕቶት አለው ማለት ነው፣ በቀኝ ዋይ = 2፣ በግራ ዋይ = −2። ራሽናል ፈንክሽን ላይ ግን እንዲህ አይሆንም፣ ቁጥር ከመጣ በሁለቱም በኩል ያው ነው።

ሩት ሲቀነስ ሌላ ነገር ከሆነ

√(ኤክስ² + 6ኤክስ) − ኤክስ፣ ኤክስ → ∞። ቅርጹ ∞ − ∞ ነው። «6ኤክስ ትንሽ ናት ጣላት፣ ኤክስ − ኤክስ 0» የሚለው እዚህ አይሰራም፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ እርስ በርስ ሲጠፋፉ የሚቀረው ያቺ የናቃችኋት ትንሿ ናት። ኮንጁጌት (መሃል ያለችው ማይነስ ወደ ፕላስ የተቀየረችበትን) አባዙ፦

1. ከላይም ከታችም በ(√(ኤክስ² + 6ኤክስ) + ኤክስ) አባዙ።
2. ከላይ ኤክስ² + 6ኤክስ − ኤክስ² ይሆንና 6ኤክስ ይቀራል።
3. 6ኤክስ/(√(ኤክስ² + 6ኤክስ) + ኤክስ)። ሁሉንም ለኤክስ አካፍሉ፦ 6/(√(1 + 6/ኤክስ) + 1)
4. 6/2 = 3።

1000 ብታስገቡ 2.9955 ይመጣል፣ ልክ ነው። ይህንኑ ጥያቄ ወደ −∞ ቢሰጧችሁስ? ኮንጁጌት አትጀምሩ! ሩቱ +∞ ነው፣ −ኤክስም +∞ ነው፣ ሲደመር +∞፣ በአንድ መስመር ያልቃል። ደረጃ 2ን የማይዘልል ሰው እዚህ አምስት ደቂቃ ያተርፋል።

ሎፒታል (ላዩንና ታቹን ለየብቻ ዲፈረንሼት የማድረግ ዘዴ) የተማራችሁ ፍሬሽማኖች፣ አውቃለሁ እጃችሁ እያሳከካችሁ ነው። √(ኤክስ² + 1)/ኤክስን በሎፒታል ሞክሩት። አንዴ ዲፈረንሼት ስታደርጉ ኤክስ/√(ኤክስ² + 1) ይመጣል፣ ሁለተኛ ስታደርጉ ተመልሶ የመጀመሪያው ራሱ ይመጣል፣ ስትዞሩ ታድራላችሁ። |ኤክስ| አውጥታችሁ ስሩት፣ ወደ +∞ መልሱ 1 ነው።

ደረጃ 6፦ ኤክስፖኔንሻልና ሎግ

ቅደም ተከተሉን ያዙ፣ ወደ +∞ ሲሄዱ ሎግ ከሁሉም ቀርፋፋ ነው፣ ከዛ ፓወር፣ ከዛ ኤክስፖኔንሻል። በ10 ቤዝ የሚሊዮን ሎግ 6 ብቻ ነው። 2^ኤክስ እና ኤክስ^10 ብናወዳድር፣ ኤክስ 10 ላይ 2^ኤክስ 1024 ነው፣ ያኛው አስር ቢሊዮን፣ ምኑም አይደርስበትም። 59 ላይ ግን 2^ኤክስ ቀድሞታል፣ 100 ላይ ደግሞ ከአስር ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ስለዚህ ኤክስ^10/2^ኤክስ → 0።

ከባዱ አቅጣጫው ነው። ኢ^ኤክስ ወደ +∞ ሲሄድ ይፈነዳል፣ ወደ −∞ ሲሄድ 0 ይሆናል። ኢ^(−ኤክስ) ተገላቢጦሹ ነው። ስለዚህ «የሚያሸንፈው ማነው» የሚለው መልስ በቀስቱ ይለያያል፦

(2ኢ^ኤክስ + 1)/(ኢ^ኤክስ − 5)

ወደ +∞፦ ሁሉንም ለኢ^ኤክስ አካፍሉ፣ 2 ይመጣል።
ወደ −∞፦ ምንም አታካፍሉ፣ ኢ^ኤክስ 0 ስለሚሆን 1/(−5)። መልስ −1/5።

በሁለቱም በኩል 2 ብሎ የሚጽፍ ልጅ የራሽናሉን ህግ እዚህ አምጥቶ ለጥፎ ነው።

ሌላው ወጥመድ 1^∞ ነው። (1 + 1/ኤክስ)^ኤክስ ላይ «ቅንፉ 1 ይሆናል፣ 1 በምንም ፓወር 1 ነው» ትላላችሁ። ካልኩሌተር ላይ 100 አስገቡ 2.7048፣ 1000 አስገቡ 2.7169። መልሱ ኢ ነው። ቅንፉ 1 ላይ አይደለም፣ ከ1 ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ ያቺ ትንሽዬ ደግሞ እልፍ ጊዜ ስትባዛ ቁም ነገር ትሆናለች። አጠቃላይ መልኩን ያዙት፦ (1 + ሀ/ኤክስ)^(ለኤክስ) ወደ ኢ^(ሀ×ለ) ይሄዳል። (1 + 3/ኤክስ)^(2ኤክስ) ከሆነ ኢ^6።

ደረጃ 7፦ ሳይንና ኮሳይን

ሳይን ኤክስ ብቻውን ወደ ∞ ሲሄድ ሊሚት የለውም፣ በ−1 እና በ1 መሃል ሲመላለስ ይኖራል። የሚያድግ ነገር ከታቹ ሲኖር ግን ይያዛል። ሳይን ኤክስ/ኤክስ በ−1/ኤክስ እና በ1/ኤክስ መሃል ነው ያለው፣ ሁለቱም ወደ 0 ስለሚሄዱ እሱም 0፣ ስኩዊዝ ቲዎረም ይሄው ነው። 1 ነው ያላችሁ ካላችሁ ኤክስ ወደ 0 ሲሄድ ያለውን ነው የሸመደዳችሁት፣ ደረጃ 1 ተመለሱ።

(ኤክስ + ሳይን ኤክስ)/ኤክስ ላይ ሎፒታል ብትጠቀሙ 1 + ኮሳይን ኤክስ ይመጣና ሊሚት የለውም ትላላችሁ፣ ስህተት ነው። በቀጥታ አካፍሉት፣ 1 + ሳይን ኤክስ/ኤክስ፣ መልስ 1። ሎፒታል የሚሰራው ዲፈረንሼት አድርጋችሁ ያገኛችሁት ሊሚት ካለው ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ አረጋግጡና በስርአቱ ጻፉ

ወደ +∞ ከሆነ 1000፣ ወደ −∞ ከሆነ −1000 አስገቡ። መልሳችሁ አካባቢ ካልመጣ መጀመሪያ ምልክቱን ጠርጥሩ፣ ከዛ ትልቁን ፓወር። ደረጃ 3 ላይ እንዳየነው ትልቅ ኮኤፊሸንት ካለ 1000 ላይበቃ ይችላል፣ ያኔ ጨምሩ። ግን ደግሞ አታብዙት፣ √(ኤክስ² + 6ኤክስ) − ኤክስ ላይ ከ1 ኋላ ሃያ ዜሮ ደርድራችሁ ብታስገቡ ካልኩሌተሩ 6ኤክሷን መያዝ ስለሚያቅተው 0 ሊላችሁ ይችላል፣ መልሱ 3 ሆኖ እያለ።

አጻጻፍ ላይ፣ ኤክስ እስካለ ድረስ በየመስመሩ «ሊሚት» የሚለውን ይዛችሁ ውረዱ፣ ቁጥሩን ስታገኙ ጣሉት። አሲምፕቶት ከተጠየቃችሁ «3» አትበሉ፣ «ዋይ = 3» በሉ፣ መስመር ነው የተጠየቃችሁት። መልሱ ∞ ሲሆን ∞ ብላችሁ ጻፉ፣ «የለም» ብቻ ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ወዴት እንደሚሄድ እያወቃችሁ ለምን ትደብቃላችሁ።

ሞክሯቸው

ሀ. (5 − 3ኤክስ⁴)/(ኤክስ⁴ + 2ኤክስ)፣ ወደ ∞
ለ. (2ኤክስ + 1)/√(9ኤክስ² + 4)፣ ወደ −∞
ሐ. √(ኤክስ² − 8ኤክስ) − ኤክስ፣ ወደ ∞
መ. 3ኢ^ኤክስ/(ኢ^ኤክስ + ኢ^(−ኤክስ))፣ ወደ −∞
ሠ. (1 − ኤክስ)²(2ኤክስ + 3)፣ ወደ −∞

መልስ፦ ሀ −3፣ ለ −2/3፣ ሐ −4፣ መ 0፣ ሠ −∞። ለ ላይ ፕላስ 2/3 ያገኛችሁ ያቺን የለጠፋችኋትን ወረቀት እዩና ደረጃ 5ን እንደገና ስሩት። መ ላይ 3 ያላችሁ ደግሞ ቀስቱን አላከበባችሁም።